«ትንሹን ንገሩኝ» ባዩ መምህር

መምህር ይትባረክ ሊሞቱ በተቃረቡበት ሰሞን ጠያቂ ከቤታቸው ቶሎ ቶሎ ይወጣ ነበር። ሰው ይገባና ከአልጋቸው ግርጌ ተቀምጦ «እንዴት አደሩ?» ይላል። እሳቸው ደግሞ እንዴት እንዳደሩ ይነግሩታል። ግራ እግራቸው አብጦ አንሶላው እንደሚከብዳቸው፣ ምላሳቸው መዳብ መዳብ እንደሚላቸው፣ በጎናቸው ሲዞሩ ትንፋሻቸው እንደሚያጥር፣ አንድ በአንድ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ አይደረግም። የታመመ ሰው «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ጠያቂው «ይማርዎ» ይልና ስለ ዝናቡ ያወራል። የመጡት ሁሉ ስለ ዝናቡ ሊያወሩ የመጡ ነበሩ። አንዲት የሰፈራቸው ሴትዮ ከበር ስትወጣ «ምን ነካቸው? ደህና ነኝ ቢሉ ምን ይጎዳቸዋል?» ስትል ሰማኋት።

«ታዲያ ለምን ጠየቅሻቸው?» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ታታሪ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ» ተባለ። ይኸ ለማንም ይነበባል። ቆሜ ስሰማው ደሜ ፈላ። መምህር ይትባረክ ትሑት አልነበሩም፤ ግትር ነበሩ። ሰው ማክበራቸውም እውነት ነው፣ ግን አክባሪነታቸው ሰውን ያሳብድ ነበር። እንግዲህ ያነበበው ሰው የማያውቀውን እኔ ልጻፈው። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። አዘዞ በየቦታው ከሚበቅሉት አዳዲስ ቤቶች ግንብ ላይ መዶሻዬ ያረፈበት ብዙ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌም እንደ ድንጋዬ ነው፤ ጠርዙ ቢቧጭር አልገረምም። ሰው የማሞገስ ልማድም የለኝም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ጎልማሶችን ፊደል ያስተምሩ ነበር። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ግን እንግሊዝኛ ነው፣ በሁለተኛ ደረጃ። ረጅም፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሲያስቡ በያዙት ጠመኔ ደረታቸውን መታ መታ ስለሚያደርጉ ኮታቸው እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ከገባ የትም ይሁኑ የትም ቆመው ያራግፉታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሁን ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ሰው አየኝ አላየኝ የለም።

ገና «መ»ን ከ«ሠ» ሳንለይ አንድ እሁድ መጡና «ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እነግራችኋለሁ» አሉ። በሰሌዳው ላይ በኛው ፊደል ጻፉት፦ ዲዚዝ።

«ይህ ቃል ዛሬ በሽታ ማለት ነው» አሉ። «ስንቱን ተማሪ በሽታ ማለት ነው ብዬ አስተምሬዋለሁ። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ድሮ ምቾት ማጣት ነበር፣ በቃ። እንግሊዙ የተቀመጠበት ቢጎረብጠው ይህንኑ ቃል ይላል። ጫማው ቢጠበው ይህንኑ። ጎረቤቱ ሲጮህ ቢውልበት ይህንኑ። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ባለቤቱ ሊነሳለት ሲል ‹በኔ የተነሳ ራስህን ዲዚዝ አታድርግ› ይለዋል። አትቸገር፣ ከተመቸህበት አትነሳ ማለቱ ነው። ከጊዜ ብዛት ቃሉ ከበደ። አልጋ ላይ የሚጥለውን ብቻ ያዘና ትንሹን ለቀቀው። ዛሬ ጫማ ጠበበኝ ብሎ በዚያ ቃል የሚናገር እንግሊዝ ቢኖር ይሳቅበታል።»

እትዬ የሺ የምትባል፣ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ሴት ነበረች። እጇን አወጣች።

«ታዲያ ዛሬ ጫማ ሲጠባቸው ዝም ነው የሚሉት?»

«የለም፣ ሌላ ቃል አላቸው።»

«እንግዲያማ እርስዎን ምን አስጨነቀዎት?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው፣ ድምፅ የላቸውም።

«እነሱ አላስጨነቁኝም፣ እትዬ የሺ» አሉ ሳቃቸው ሲያልቅ። «ያስጨነቃችሁኝ እናንተ ናችሁ። ቅድም እንዴት ዋላችሁ ስላችሁ ሁላችሁም እግዜር ይመስገን አላችሁኝ። ስትገቡ ግን እያየኋችሁ ነበር። የሚያነክስ አለ። እጁን እንደ ሕፃን ያቀፈ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ሕግ አውጥቻለሁ። ትምህርት ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዳችሁ የጎረበጣችሁን ነገር ትነግሩኛላችሁ። ትልቁን አልፈልግም፣ ትልቁን ሐኪም ይስማው። ትንሹን ንገሩኝ።»

ከፊት ያሉት «ምንም የለም» እያሉ አሳለፉ። ተራው ከኔ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ አናደደኝ። ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ የምሰነብት ሰው፣ ፊደል ልማር መጥቼ የሽማግሌ ጨዋታ!

«እኔን የጎረበጡኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ሸጋ!» አሉ። ፊታቸው በራ። «የቱ ላይ?»

«ጆሮዬ ላይ።»

«በግራው ነው በቀኙ?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አይቀልዱም። ጠመኔውን ይዘው መልሴን እየጠበቁ ነው። አለመሳቅ አቃተኝ።

ይህን ነገር ያልወደደው ብዙ ነበር። አንዱ «እስራኤል በበረሃ ያጉረመረሙት ምን አተረፉ?» ብሎ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ። ቀሪዎቻችን ለመድነው። ሰው ከለመደው ደግሞ የሚናገረው አያጣም። እትዬ የሺ የሸማዋ ጥለት አንገቷን እንደሚፍቃት ተናገረች። የጥበቃ ሠራተኛ የሆነው ጓደኛችን ቀበቶው ላይ ያለው ብረት ሲቀመጥ ሆዱን እንደሚወጋው ተናገረ፤ በሚቀጥለው እሁድ ብረቱን ወደ ጎን አዙሮት መጣ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አስቤ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ‹ቀኝ ክርኔን ይቆረጥመኛል› የሚል ነው። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። መምህር ይትባረክ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ «ጥ»ዋን አስተካከሉልኝ።

ከአዳራሽ ውጭም ያው ነበሩ። አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ አዘዞ አብረን በሚኒባስ ስንሄድ የተቀመጡበት ወንበር ሽቦው ወጥቶ ይወጋል። ሌላው ሰው ቂጡን ፈቀቅ አድርጎ ዝም ይላል። እሳቸው ረዳቱን ጠሩት።

«ልጄ፣ ይኼ ሽቦ ይወጋል።»

«አባባ፣ ካልተመቸዎት መውረድ ይችላሉ።»

«አልወርድም። የምነግርህ ለኔ ብዬ አይደለም፣ ከኔ በኋላ ለሚቀመጠው ነው።»

ሰው ሁሉ ጉድ አለ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ የማላውቃቸው መሰልኩ። በሳምንቱ ያንኑ መኪና ቆመው ጠበቁት። ሌላ ሞልቶ ሄደ፣ ሌላ ሞልቶ ሄደ፣ አልገቡም። ሲመጣ ገብተው ያንኑ ወንበር በእጃቸው ዳሰሱት። ሽቦው ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎበታል። «አየህ፣ ታከለ?» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ።

አንድ ጊዜ ያንን ዲዚዝ የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። ከትምህርት ወጥተን በእግር እየሄድን ነበር። ቆም አሉና ደረታቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ጠመኔ አልያዙም።

«ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ነው» አሉ። «ፈተና እያረምኩ ነበር። ‹ከጎድኔ በታች ትንሽ አይመቸኝም› አለችኝ። ‹ያምሻል?› አልኳት። ‹አይ፣ ሕመምስ አይባልም› አለች። ‹እንግዲያማ ደህና ነሽ› ብያት ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ደግማ አልነገረችኝም። ሕመም ሲሆን ደግሞ ሐኪሞቹ ረፍዷል አሉን። ተዝካሯን ካወጣሁ በኋላ ሌላ ቃል ፍለጋ አሮጌ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ያንን ቃል አየሁት። በሽታ ነው እያልኩ ያረጀሁበትን። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ጥንት ምቾት ማጣት ማለት ነበር ይላል። እሷ የነገረችኝ ይኼን ነበር፣ ታከለ። እኔ የጠበቅኩት ያኛውን ነበር።»

እኔ ማጽናናት አልችልበትም። «መዝገበ ቃላቱን ቀደም ብለው ቢገልጡት አትሞትም ነበር ነው የሚሉት?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ። «ዳግመኛ ግን አላሳልፍም።»

አላሳልፍም ያሉትን እንዴት እንደማያሳልፉ ያየሁት በታላቅ ወንድሜ በአያ ደምሴ ነው።

አያ ደምሴ ከደባርቅ በላይ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ እሱ ነው አባቴ። ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ሊጠይቀኝ መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ሲገባ አላወቅኩትም። ትከሻው የት እንደገባ እንጃ። ማዕድ ቀረበ። አንድ ጎረሰና አኝኮ አኝኮ ዓይኑን ጨፈነ። ውኃ ጠጣበት። አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ላይ ሰደደው።

«አያ ደምሴ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምን እሆናለሁ? ጠግቤ ነው የመጣሁ።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ተነስቶ ነው የተቀበለው። «እንዴት ነዎት አባቴ? ምን ሆነው መጡ?» አለው።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ አያ ደምሴ። «ይኸ ወንድሜ ነው ያመጣኝ።»

«ምግብ አይወርድለትም!» አልኩ እኔ።

አያ ደምሴ ዞር ብሎ አየኝ። ያቺን አስተያየት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። «እሱ ይጨነቃል» አለው ዶክተሩን። «ከተማ ሲኖሩ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ምንም አልሆንሁም። ለሆዴ ትንሽ ነገር ካለዎት ይስጡኝና ልሂድ።»

ዶክተሩን አልወቅስም። በሽተኛው ራሱ ደህና ነኝ እያለው፣ ያውም ሽማግሌ፣ እኔን ይመን? የጨጓራ መድኃኒት ጻፈለትና «ካልተሻለዎት ቶሎ ይመለሱ» አለው። አያ ደምሴ ጉልበቱን ሊስም ምንም አልቀረው።

መድኃኒቱን ጨረሰ። አልተሻለውም። አሁን እንኳን እንጀራ አጥሚትም እየቆመበት ነው። እንመለስ ስለው «ደህና ነኝ አልሁህ፤ ደህና ያለ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል?» አለኝ። ተጨቃጨቅን። ጮኽኩበት። እሱ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። ወደ መምህር ይትባረክ ሄድኩ፤ የምሄድበት ሌላ ሰው ስላልነበረኝ።

ነገሩን ቆመው ነው የሰሙኝ። ኮታቸውን እየለበሱ «ይህ ሰው ካልተናገረ ይሞታል» አሉ። ከዚያ በሩን ቆለፉ።

ቤቴ ገቡና አያ ደምሴን እጅ ነሥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ስለ ገብሱ ጠየቁት። ስለ ውርጩ ጠየቁት። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። መሣሪያ የማኖርበትን ሣጥን ገልብጠው ከፊታቸው አደረጉና «አያ ደምሴ፣ እስቲ እኔ ዶክተሩ ልሁን» አሉት። «ይኸው ጠረጴዛዬ። እርስዎ አሁን ገቡ። እንዴት ነዎት፣ አባቴ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና ከሆኑ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«እርስዎን ልጠይቅ። እንዴት ነዎት ዶክተር?»

እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ ልሳቅ ልቆጣ ሳላውቅ። መምህር ይትባረክ አልሳቁም።

«እንደገና» አሉ። «እንዴት ነዎት፣ አባቴ?»

«መምህር፣ ላስቸግርዎ አልፈልግም። እግዜር እህል ሰጠኝ፣ ልጅ ሰጠኝ፣ ዕድሜ ሰጠኝ። አሁን ሰው ፊት ቆሜ ይኸ ጎደለኝ፣ ያ ነካኝ ልበል? ነውር ነው። ኃጢአትም ነው።»

«ለንስሐ አባትዎ አይናገሩም?»

«እናገራለሁ እንጂ።»

«ምንም ሳይደብቁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለሐኪሙ ምነው?»

«ለንስሐ አባቴ የምናገረው ኃጢአቴን ነው» አለ አያ ደምሴ። «ሕመም ኃጢአት ነው እንዴ?»

መምህር ይትባረክ በዚህ ተሸነፉ። ደረታቸውን በጣታቸው መቱ። ባለቤታቸውን ያስቡ እንደሆን አላውቅም፣ ግን ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሊያለቅሱ ነው ወይስ ወንድሜን በጥፊ ሊመቱት ነው አልኩ።

በዚያው መካከል የአያ ደምሴ ስልክ ጮኸ። ትልቁ ልጁ ነው ከአገር ቤት፣ ዳልቻ የሚሉት በሬያቸው ታሞ። አያ ደምሴ ቀና አለ። ድምፁ እንኳ ተለወጠ።

«ቆሟል ወይስ ተኝቷል?... በየት ጎኑ ነው የተኛው?... ያመሰኳል?... ሲያመሰኳ ያቋርጣል? ... ጫንቃውን እስቲ ተጫነው፣ እዚያው ሁነህ ተጫነው። ሸሸ? ... እንግዲያው ቀንበሩ ነው የጎረበጠው። ባለፈውም ሳርስ አንገቱን ወደ ግራ ሲያዘነብል አይቸዋለሁ። ዛሬ ነገ አትበል፤ ቁስል ሳይሆን ቀንበሩን ልጠው፣ በሬውን አሳርፈው። ሰምተኸኛል? ትንሽ ነው ብለህ አትተወው!»

ስልኩን ዘጋና ነጠላውን አስተካከለ። መምህር ይትባረክ በሣጥኑ ላይ ወደ ፊት አዘንብለው እያዩት ነበር።

«አያ ደምሴ፣ በሬው እንደጎረበጠው ለልጅዎ ነገረው?»

አያ ደምሴ ሳቀ። «በሬ ይናገራል እንዴ መምህር?»

«ታዲያ እንዴት አወቁ?»

«እኔ ካላወቅሁለት ማን ያውቅለታል? አፍ የለው። የሚናገርለት እኔ ነኝ።»

«እሺ። ለደምሴስ የሚናገርለት ማነው?»

አያ ደምሴ ሊመልስ ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። እኔን አየኝ። እኔ ተናግሬለት ነበር፤ ዶክተሩ አላመነኝም። መምህር ይትባረክ ተነሥተው ሣጥኑን ወደ ቦታው መለሱና «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብለው ወጡ።

ጠዋት ሲመጡ አያ ደምሴ ታጥቆ ደጅ ቆሞ ነበር። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለ። ሦስታችን ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተሩ ያው ወጣት ነው፤ አወቀን።

«አባቴ፣ ተመለሱ? እንዴት ነዎት?»

«እግዜር ይመስገን» አለ አያ ደምሴ፣ «ደህና ነኝ።»

መምህር ይትባረክ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

«በሬዬ ግን ታሟል፣ ዶክተር» አለ አያ ደምሴ።

«በሬዎ?» አለ ዶክተሩ።

«አዎ። የበላው አይወርድለትም። እዚህ ላይ ይይዘዋል።» ጣቱን አነሣና የራሱን ደረት መካከል ላይ ነካ። «መጀመሪያ ደረቁን ነበር የሚይዘው፣ ቂጣውን፣ ቆሎውን። አሁን እርጥቡንም ይዞታል። ሲተኛ የዋጠው ወደ አፉ ይመለሳል፤ ጎንበስ ሲልም ይመለሳል። አያመውም፣ ሕመም አይባልም። ይጨንቀዋል እንጂ፣ እንደታነቀ ነገር። የጀመረው ከገብስ አጨዳ በፊት ነው፤ ትንሽ ነው ብሎ ተወው። አሁን ግን ከስቷል። ጉልበቱ አልቋል። ማረስ አልቻለም።»

እዚህ ላይ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ወሰደ። ከዚያ በፊት ወንድሜን ሲያለቅስ ያየሁት አባታችን የሞተ ዕለት ብቻ ነው።

ዶክተሩ አልሳቀም። ወንበሩን ወደ አያ ደምሴ አስጠጋ። «ይህ በሬ ዕድሜው ስንት ነው?» አለው በቀስታ።

«ብዙ አርሷል» አለ አያ ደምሴ። «ገና ግን ያርሳል።»

«እስቲ ልየው እንግዲህ። ልብሱን ያውልቅ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስረዝመውም። የምግብ መውረጃው ታችኛው በር ጠቦ፣ ተጨምድዶ አልከፍት ብሎ ነበር። ክፉው በሽታ ይሆናል ብለን የውስጡ ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ እኔ ድንጋይ መጥረብ አልቻልኩም፣ መዶሻው እጄን ሁለት ጊዜ መታኝ። መምህር ይትባረክ በየቀኑ መጥተው ሐኪም ቤቱ ግቢ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። «እርስዎ ምን ያደርጋሉ እዚህ?» ስላቸው «አግዳሚው ይቆረቁራል» ብለው ፈቀቅ ይሉልኛል። ክፉው አልነበረም። መሣሪያ አስገብተው አሰፉት። ዶክተሩ «ከዚህ ቢቆይ ውኃም አያልፍለትም ነበር» አለን።

መብላት በተፈቀደለት ቀን፣ ከሐኪም ቤቱ ወጥተን ማዶ ካለች አነስተኛ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሽሮ መጣ፣ እንጀራው ለስላሳ። መምህር ይትባረክ እጃቸውን አልሰደዱም። እኔም። ሁለታችንም የአያ ደምሴን ጉሮሮ ነው የምናየው። ቆረሰ፣ ጠቅልሎ ጎረሰ፣ አኘከ። ዋጠ። ቆየት አለ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው።

«ወረደ?» አሉት መምህር ይትባረክ።

«ወረደ።»

«ሳይቆም?»

«ሳይቆም። እግዜር ይመስገን።»

ሌላም ጎረሰ። ሦስተኛም። እኔም መብላት ጀመርኩ። ፀሐዩ ከጣራው ጫፍ ሾልኮ ወረደና አያ ደምሴ ፊት ላይ ዐረፈ። ዓይኑን አጠበበ። ነጠላውን ከፍ አደረገ። መልሶ ዝቅ አደረገው። እጁን ከሳህኑ ላይ አነሣና እንደ ማፈር ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህር» አለ፣ «ፀሐዩ ዓይኔን እየወጋኝ ነው።»

መምህር ይትባረክ በርጩማቸው ወደ ኋላ እስኪወድቅ ድረስ ብድግ አሉ። ያቺ ትከሻቸው መሳቅ ጀመረች። ክንዱን ይዘው አያ ደምሴን እሳቸው ቦታ ላይ አስቀመጡትና ራሳቸው ፀሐዩ ውስጥ ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ በፀሐዩ ይሁን በሌላ እንጃ።

«ሌላስ?» አሉት። «ሌላስ አያ ደምሴ?»

አያ ደምሴ አሰበ። ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር ብሎ ሴትዮዋ አለመስማቷን አረጋገጠ።

«ሽሮው ደግሞ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨው በዝቶበታል።»